ዘሩ ባንክ ገባ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም

ልጆቼ፣

በሐረር ዙሪያ ዘር በማሰባሰብ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዝኃ ሕይወት የሚያጠኑ ልጆች ግን ቤቴ ድረስ እየመጡ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ያገር ዘር በጂን ባንክ፣ በዘር ማስቀመጫው ተቋም፣ ተቀምጦ የለም እንዴ? ታዲያ ምን ያሳስባል?» መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ባንኩን አላጣጥልም። ኢትዮጵያ የራሷን የጂን ባንክ አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ትልቅ ሥራም ሠርቷል። ዘሩ በደንብ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ክፍል ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ ማሽላ ብዙ ዓመት ይቆያል። ግን ቀስ በቀስ እየደከመ ነው የሚቆየው። በየጊዜው መብቀል አለመብቀሉ ይፈተሻል፤ አቅሙ ሲወርድ ማሳ ላይ ተዘርቶ ይታደሳል። ይህ ሁሉ መብራት፣ ገንዘብና ሰው ይፈልጋል። ቡና ደግሞ ለዚህ አይመችም። ፍሬው እንደ ማሽላ ደርቆና ቀዝቅዞ አይከርምም። ቡና የሚጠበቀው ከነዛፉ ነው። ዛፉ የተነቀለ ቀን ዝርያውም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በጅቡቲ ባቡር፣ በእኛው ድሬዳዋ በኩል፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ዘር ሰብስቦ ሄደ። በኋላ የሩሲያዋ ሌኒንግራድ ከተማ በናዚ ጦር ስትከበብ፣ እሱ ይመራው የነበረው የዘር ተቋም ባልደረቦች ሩዝና ስንዴ ከፊታቸው እያለ በረሃብ ሞቱ፤ ለነገ የተቀመጠውን ዘር አልበሉም። ቫቪሎቭም እ.ኤ.አ. በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። የሰበሰበውን ያገኘው ግን ከገበሬ ማሳ ነው፤ እዚያ ማን ጠብቆ አቆየው?

ፈዲስ ወይም ባቢሌ በኩል አንድ የማሽላ ማሳ ግቡና እዩ። ረጅሙም አጭሩም፣ ነጩም ቀዩም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ገበሬው ዝም ብሎ አልደባለቀውም። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከመጣ ቆይቶ የሚደርሰውን ይዘራል፤ ከዘገየ ቶሎ የሚደርሰውን። መራራውን ቀይ ማሽላ ወፍ ብዙም አይደፍረውም። ነጩ እንጀራው ያምራል። ችምችም ብሎ የበቀለው ሲሳሳ የተነቀለው ቡቃያና ቅጠሉ ለሰንጋው ይሄዳል። ሁሉም የሚያወራለት የሐረር ሰንጋ የሚደልበው በዚህ ነው። አገዳው ማገዶም የቤት መሥሪያም ይሆናል። አጭር ምርጥ ዘር አምጥተው ገበሬው ሲተወው «ለውጥ አይቀበልም» የሚሉ ባለሙያዎችን ሰምቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። እህሉስ ይሁን፤ ሰንጋው ምን ይብላ?

ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ማጀት ገብታችሁ ጠይቁ። ደህና ደህናው የማሽላ ራስ ተመርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ጉድጓድ የገባው እህል ለምግብ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ስለሚያገኘው ለዘር አይታመንም። የትኛው እንደሚሰቀል አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀው እናትየዋ ናት። ይህ እውቀት በየትኛውም የቀዘቀዘ ክፍል የለም።

ማሳ ላይ ያለው የዘር ዓይነት መመናመን የዓለምም ችግር ነው። እንደ ዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የ2019 እ.ኤ.አ. ሪፖርት፣ ሰው ለምግብ ከሚያለማቸው ከ6,000 በላይ ዕፅዋት ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ምርት የሚሰጡት 9 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ መንግሥታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከየብሱም ከባሕሩም 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ጥሩ ነው። ግን መከለል ብቻውን እንደማይበቃ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ሰፈራውም ከሰል ማክሰሉም እዚያው ውስጥ አለ።

ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውን ገበሬ አትውቀሱት። አወዳይ የጫት ገበያ ሄዳችሁ ገንዘቡ እንዴት እንደሚገባ እዩ። ልጅ የሚያስተምረው በዚያ ነው። ዓለም የሚፈልገውን ዝርያ ይህ ሰው በነፃ እንዲጠብቅለት መጠየቅ ግፍ ነው። ለቡናው የተሻለ ዋጋ የሚያገኝበትን መንገድ ብታጠኑ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል።

ለሥራው የምትነሱ ካላችሁ ኦሮምኛችሁን አጠንክሩ። በአስተርጓሚ ብዙ ነገር ይጠፋል። ስትመዘግቡ ዝርያው በአካባቢው የሚጠራበትን ስም፣ ማን እንደሰጣችሁ፣ ከፍታውን፣ አፈሩን፣ ለምን እንደሚውል ጻፉ። ስለ እሱ ምንም ያልተጻፈበት ዘር ለቀጣዩ ተመራማሪ እምብዛም አይጠቅምም። የውጭ ሰው ዘር ስጡኝ ካላችሁ ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማመልከት እንዳለበት ንገሩት። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ያስገድዳል፤ የማኅበረሰቡም እውቀት በዚያው አዋጅ ይጠበቃል።

ስትሄዱ ደግሞ ከአጨዳው በፊት ሂዱ፣ ማሽላው ገና ቆሞ ሳለ። ከተወቃ በኋላ የትኛው ራስ ከየትኛው አገዳ እንደመጣ ባለቤቱም ሊነግራችሁ አይችልም።