እናታችን ሕመሟን ሳታውቅ ትፈርም?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። እናታችን ሆዷን ሲያማት ከርሞ ሆስፒታል ወሰድናት። ውጤቱ የአንጀት ካንሰር ሆነ። ታላላቅ ወንድሞቼ ሐኪሙን ለብቻው አግኝተው «እንዳትነግራት፣ ትሰበርብናለች» አሉት። ለእሷ ጨጓራ ነው ተባለ። አሁን ደግሞ ለሕክምናው ብር እንዲገኝ በሚል ቤቱን ለመሸጥ የሚያስችል ውክልና ለትልቁ ወንድሜ እንድትሰጥ ይፈልጋሉ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ቤቱን አብረው ነው የሠሩት። ማታ ማታ «ልጄ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ» ትለኛለች። ብነግራት ወንድሞቼ «ገደልሻት» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ እናትሽ ራሳቸው ጠይቀዋል። ወንድሞችሽ ክፉ ናቸው አልልም። እዚህ ጎንደር ብዙ ቤት የሚደረግ ነው፣ የሚደረገውም በፍቅር ነው። ግን እስኪ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቢው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒቱ) ቢጀመርና ሰውነታቸው ሲዳከም፣ ፀጉራቸው ሲረግፍ፣ ይሄም የጨጓራ ነው ልትሏቸው ነው? አጠገባቸው የተኛች ታማሚ ወይም አንድ ጠያቂ በአንድ ቃል ታወጣዋለች። ያኔ በሽታውንም መዋሸታችሁንም በአንድ ቀን ይሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ «ይሻልሻል» ብትሏቸው እንኳ አያምኗችሁም።

ሌላም አለ። የነፍስ አባታቸውን ጠርተው ንስሐ መግባት፣ የተቀየሙትን ሰው መታረቅ፣ ደንቢያ ያሉ ዘመዶቻቸውን ማየት፣ ስለ ንብረታቸው መናዘዝ ይፈልጉ ይሆናል። ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ለዚህ አይቸኩልም። ጠበል ልሂድ ቢሉም ሕመማቸውን አውቀው፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይሂዱ።

ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ታዲያ የሚታከሙት ለምን እንደሆነ ያላወቁ እናት እሺ አሉ የሚባለው እንዴት ነው? ለቀዶ ሕክምና የሚፈርሙትም እሳቸው ናቸው፤ አእምሯቸው እስካለ ድረስ ልጅ በእናት ቦታ አይፈርምም። ሐኪሙ ውጤቱን ለእናንተ ከመንገሩ በፊት እሳቸውን መጠየቅ ነበረበት።

በይ እንዴት ይነገራቸው ካልሽኝ፣ እኛ ይሄንን ከማንም በላይ እናውቅበታለን። መርዶ ስንነግር ሰዓት እንመርጣለን፣ የሚወዱትን ሰው አጠገባቸው እናስቀምጣለን፣ ቀስ ብለን እንነግራለን። ግን እንነግራለን። ለዚህም እንደዚያው አድርጊ። ብቻሽን ማታ በጨለማ አትንገሪያቸው። መጀመሪያ ሐኪሙን ሄደሽ «እናቴ እየጠየቀች ነው፣ አንተ ንገርልን፣ እኛም እንኑር» በይው። ሐኪሙም «ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆችዎ ልንገር?» ብሎ ይጀምር። «ለልጆቼ ንገር፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ካሉ እሱም መብታቸው ነው። ዋናው ምርጫው የእሳቸው መሆኑ ነው። ለወንድሞችሽ ከሐኪሙ ጋር መነጋገርሽን አስቀድመሽ አሳውቂያቸው፣ ተደብቀሽ አታድርጊው።

ወደ ውክልናው ስመጣ ግን ጠንከር ልበል። እናትሽ ሕመማቸውን ሳያውቁ ይህን ወረቀት እንዳይፈርሙ። ቤቱ በትዳር የተሠራ ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው። የአባታችሁ ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ያንቺም ድርሻ አለበት፣ እናትሽ ስለፈረሙ ብቻ ያንቺ ድርሻ አይሸጥም። ቤት ለመሸጥ ተራ ውክልና አይበቃም፣ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ የሚል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እናትሽ የሰጡትን ውክልና በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ፣ ከሞቱ ደግሞ ውክልናው ያበቃል። ተታለው ከፈረሙም ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረስ ይቻላል፤ ግን ወንድምና እህት ችሎት ፊት ቆመው እናት አልጋ ላይ ሆነው ይህን ከሚሰሙ፣ አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ምናልባት እናትሽ ሁሉን አውቀው «ሽጡትና አሳክሙኝ» ይሉ ይሆናል። ያኔ ደስ ብሎሽ ፈርሚ። አቅም ካጣሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ካሸር ነኝ። ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የጽሑፍ ውል የለኝም። የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። አለቃዬ ማታ ፈረቃ ላይ መደበኝ። ሲከብደኝ ደግሞ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት አምጥቶ «ፈርሚ፣ ወልደሽ ስትመጪ እናያለን» አለኝ።

መልስ፦ አትፈርሚ። ያ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ «ተባረርኩ» ብትዪ ማስረዳቱ መከራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ አራት ወር ድረስ ከሥራ እንዳትሰናበቺ ይከለክላል፤ ከእርግዝናሽ ጋር የማይያያዝ፣ ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት ካልኖረ በቀር። እርጉዝ ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አትታዘዝም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝሽ ታርፊያለሽ። ለእርግዝና ክትትል የምትሄጂበትም ቀን ይከፈላል፣ የሐኪም ወረቀት ብቻ አምጪ። (ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ብቻ ነው። ለእኔ በጣም ያንሳል፣ የወለደች ሴት የምትደገፈው ሰው በአራተኛው ቀን ሥራ መግባቱ ያሳዝነኛል።)

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስፈራሽ። ደመወዝ በባንክ ከገባልሽ፣ የፈረቃ ፕሮግራም ላይ ስምሽ ካለ፣ አብረውሽ የሚሠሩ ሰዎች ከመሰከሩ ሠራተኛ ነሽ። ከአሁን ጀምሮ አለቃሽ የሚልሽን በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ እንዲሆን አድርጊ፤ የማታ ፈረቃውንም በደብዳቤ ተቃወሚ፣ ቅጂውን ያዢ። ካባረረሽ አትዘግዪ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ያልፍበታል። ብዙ እናቶች አራስ ቤት ሆነው ይህ ጊዜ ያመልጣቸዋል፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ልታገባ ነው። ሙሽራው እኛ ጋ ታክሟል። አክስቴ «ካርዱን አይተሽ ኤችአይቪ እንዳለበት ንገሪኝ፣ ልጄን ልታስጨርሺ ነው?» እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ።

መልስ፦ አትዪው። የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስከስሳል፣ ነርስ መሆንሽ ደግሞ በቀጥታ ይመለከትሻል። «የለበትም» ብሎ ማረጋጋትም ያው ምስጢር ማውጣት ነው፤ ስለዚህ «ያየሁትም ያላየሁትም አልናገርም» ብለሽ እዚያው ዝጊው። የአክስትሽ ስጋት ግን ስጋት ነው፣ አትናቂባት። ሁለቱ እጮኛሞች አብረው ሄደው ይመርመሩ፣ ውጤታቸውንም ራሳቸው ይነጋገሩ። አንዱ ላይ ቢገኝ እንኳ ሠርጉ ይፈርሳል ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በልኬት ምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይሄንን ለአክስትሽ ማስረዳት የምትችዪው አንቺ ነሽ። ከፈለጉም የምክር አገልግሎቱን ቀን ያዢላቸውና እነሱ ሲገቡ አንቺ ውጭ ሁኚ።