ዕርቁ አዲስ አበባ፣ ጠቡ ሜሪላንድ

ባለፈው ገና ከአሜሪካ ለበዓል ከመጡ ባልና ሚስት ጋር አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። «እባክህ አስታርቅልን» ብሎ የላከኝ ቤተሰባቸው ነው። እሷ ማኪያቶዋን በማንኪያ ታማስላለች እንጂ አልቀመሰችውም። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ በመስኮቱ ሐውልቱን ያያል። ሳይነግራት ለእህቱ ገንዘብ ልኮ ነው የተጣሉት። ይቅር ተባባሉ፣ መርቄ ሸኘኋቸው። ሜሪላንድ ተመልሰው ወር ሳይሞላ ሶፋ ላይ ማደር እንደጀመረ ሰማሁ።

እኔም እዚያው 19 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ቴራፒስት (ባለትዳሮችን በንግግር የሚረዳ ባለሙያ) ፊት ተቀምጠን አልቅሰናል። ሽምግልናን አከብራለሁ፣ ዛሬም እሸመግላለሁ። ሽማግሌ ግን የአንድ ቀን ጠብ ያበርዳል እንጂ የዕለት ተዕለቱን አነጋገር አያስተካክልም።

ወገኖቼ፣ ቴራፒም አንድ ዓይነት አይደለም። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «በየትኛው መንገድ ነው የሚሠሩት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ችግራችሁ ኩርፊያ ከሆነ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የጀመሩት ስሜት ላይ ያተኮረ ቴራፒ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ቴራፒስቱ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይፈርድም፤ ከንዴቱ ሥር ያለውን ይፈልጋል። «ለምን ላክህ?» ከሚለው ሥር ብዙ ጊዜ «እኔ ላንተ ምንህ ነኝ?» የሚል ጥያቄ አለ። የእኔን ቤት ያዳነው ይህ ነው።

አፋችሁ ከከፋ ደግሞ የጎትማን መንገድ ይሻላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲከራከሩ በቪዲዮ እየቀረጸ ሲያጠና፣ ትዳርን ከሁሉ የባሰ የሚጎዳው ንቀት መሆኑን አገኘ። እኛ ደግሞ አሽሙር አናጣም፤ አንዲት ቃል ዓመት ሙሉ ስታቆስል አይቻለሁ። ደማችሁ ሲፈላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያይታችሁ ቆዩ ይላል፤ ተመልሶ መነጋገሩ ግን ግዴታ ነው።

ጠባችሁ የማያልቅ ዓይነት ከሆነስ? ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ እንዲህ ያለ ነው፤ እናት አገር ቤት እስካለች ይኖራል። ክሪስቴንሰንና ጄኮብሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የቀረጹት ቴራፒ ለውጥን ከመቀበል ጋር ያጣምራል። ክፉኛ የተጋጩ 134 ጥንዶች ላይ ከቀድሞው ባህርይን የመለወጥ ዘዴ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። መጀመሪያ አዲሱ በለጠ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ተሻሽለው ተገኙ፣ ሩብ ያህሉ ተለያዩ። ስለዚህ «የትኛውን እንምረጥ?» እያላችሁ ዓመት አትፍጁ።

ዱላና ፍርሃት ባለበት ቤት ግን አብሮ መቀመጡ አይቅደም፤ መጀመሪያ የተጎዳው ሰው ደህንነት ይጠበቅ።

ቴራፒስቱ ፈረንጅ ከሆነም ይሉኝታን አስረዱት፤ ገንዘብ መላክ ለእኛ ግዴታ እንጂ ችሮታ እንዳልሆነ ካልገባው ምክሩ ይስታል።

ከእነዚያ ባልና ሚስት ጋር ሰሞኑን በስልክ ተነጋግረናል። ቀጠሮ ጀምረዋል። ስንት እንደሚላክ ገና አልተስማሙም፤ ከመላኩ በፊት ግን ይነግራታል።