መልስ፦ ሐበሻ መሆናችን ያድነናል ወይ?

እህቴ፣ ሜሪላንድ ልትወልጂ ነው፤ «የጥቁር እናቶች ሞት የሚሉት እኛን ሐበሾችንም ይመለከታል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይመለከተናል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በየ100,000 ወሊዱ የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጮቹ 14.5 ነበሩ። ከአፍሪካ የመጡ እናቶች ልጆች አሜሪካ ከተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች በክብደት ሻል ብለው ይወለዳሉ፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ማዋለጃ ክፍል ገብተሽ አመመኝ ስትዪ ነርሷ ፓስፖርትሽን አይታ አይደለም የምታምንሽ። ገንዘብም አያድንም። ጥቁሯ የቴኒስ ኮከብ ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 በኦፕሬሽን ከወለደች በኋላ ሳንባዬ ላይ ደም ረግቷል ብላ ስትናገር ነርሷ መድኃኒቱ ያደናገራት መስሏት ነበር፤ ወትውታ ነው ሲቲ ስካን የተነሳችው፣ እውነትም ተገኘ።

ስለዚህ የሐበሻ ይሉኝታውን ለጊዜው ተዪው። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ብዙ ደም ካየሽ አሁኑኑ ሐኪም ይየኝ በይ፤ እምቢ ካሉሽ እምቢታችሁን ፋይሌ ላይ ጻፉልኝ በያቸው። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ። ባልሽ እንዲያስተረጉም አታድርጊ፣ ደንግጦ ግማሹን ይውጠዋል። ደግሞ አደጋው በወሊድ ቀን አያበቃም፤ እስከ ዓመት ድረስ እነዚህ ምልክቶች ከመጡ ድንገተኛ ክፍል ገብተሽ መጀመሪያ «በቅርቡ ወልጃለሁ» በያቸው።