መንጠቆዋ ወንድሜን ትችለዋለች?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ መስታወት ያጥባል። የቀበቶው ማያያዣ ስለዛገበት ከመርካቶ ቀይ ካራቢነር፣ ማለት አንድ ጎኗ እንደ በር የሚከፈት የብረት ማያያዣ ቀለበት፣ ገዝቶ መጣ። ቁልፌን የማንጠለጥልባትን ትመስላለች። «እኔ እንደሆንኩ ቀላል ነኝ» ብሎ ይስቅብኛል። መጨነቄ ልክ ነው?
እህቱ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ልክ ነው፤ ዛሬውኑ አስወልቂው። የዛገውንም መልሶ እንዳያስር።

ካራቢነሯን ብርሃን ላይ ያዢና ጀርባዋን አገላብጠሽ እይ። ሰው እንዲይዝ የተሠራ ካራቢነር የመሸከም አቅሙ ተቀርጾበታል። ለተራራ የሚሆነው በቁመቱ ሲሳብ ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት፤ የሁለት ቶን ያህል ክብደት ነው። ይኸው ብረት በወርዱ ሲሳብ የሚጠበቅበት 7 ብቻ ነው። በሩ ተከፍቶ ከተሳበም አቅሙ እንዲሁ ያሽቆለቁላል፤ ሸክሙን የሚጋራው በር ሲለቅ ቀለበቱ ተራ መንጠቆ ሆኖ መቃናት ይጀምራላ! ለዚህ ነው ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው በሩ በጥምዝ ቀለበት የሚቆለፈውን የሚይዘው። የቁልፍ መያዣዋ በር ግን በትንሽ ሽቦ ተገፍቶ የሚመለስ ነው፤ የመስኮት ጠርዝ ቢነካው ይከፈታል።

«ቀላል ነኝ» ማለቱ አናደደኝ። ተንጠልጥሎ ሲቀመጥማ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ወርዶ በማይለጠጥ ገመድ ድንገት ሲያዝ ግን ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት የክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ዕቃ ወደ ገደል የወሰደው ኦቶ ሄርዞግ የሚባል የሙኒክ ሰው ነው ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ገደማ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወገብ ላይ አይቶ። እኔም ርካሿን አልንቃትም። ታክሲ ውስጥ የቦርሳዬን ዚፕ ከማንገቻው ጋር የምቆልፈው በእርሷ ነው።

አዲሱን ከደኅንነት ዕቃ መደብር፣ ከነሰነዱ ይገዛ፤ ቁጥር መቅረጽ ለአስመሳዩም አይከብደውምና። ገንዘቡ ደግሞ ከወንድምሽ ኪስ አይወጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገባና ቅጂውን ይያዝ።