የድሮ ድራም ማሽን ቤዝ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ሰዎች። ዛሬ ደብረ ብርሃን መብራት አለ፣ ብርዱም እንደወትሮው ነው። ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ስለ አሮጌ አናሎግ ድራም ማሽን (የከበሮ ድምፅ በኤሌክትሪክ ስለሚያወጣው መሣሪያ) ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን ከሶኬት ሳትነቅሉ ክዳን አትክፈቱ።

ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ ሮላንድ ቲአር 606 አለኝ። ኪኩ (ዝቅ ያለው የከበሮ ምት) ሞንታርቦ ላይ "ጢቅ" ይላል እንጂ ደረት አይመታም።

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ድምፁ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ መንገዱ ላይ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) አለ። ትንሽ ከሆነ ቤዙን ያስቀረዋል። ለምሳሌ 0.1 ማይክሮፋራድ ሆኖ ከኋላው የ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ካለ፣ ከ159 ኸርዝ (በሰከንድ 159 ንዝረት) በታች ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል። ወፍራም ኪክ ደግሞ የሚኖረው 50 ኸርዝ አካባቢ ነው! 1 ማይክሮፋራድ ብትተካበት ገደቡ ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል። ኤሌክትሮላይቲክ (ፕላስና ማይነስ ያለው ዓይነት) ከሆነ ፕላስና ማይነሱን እንዳታገላብጥ። በዕድሜም ደርቆ ይሆናል፤ መጀመሪያ በዚያው መጠን አዲስ ሞክር። የነቀልከውን አትጣል፣ ከየት እንደወጣ ጽፈህ ፌስታል ውስጥ አስቀምጥ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ቤዝ እንዴት ይጨመራል?

መልስ፦ የምን ማሽን? በምን ስፒከር? ከላይ አንብብ።

ከደብረ ሲና፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሚክሰሩ ላይ ቤዙን መጨመር ነው።

ከጠባሴ፦ መንገድ ላይ የቀረውን ምኑን ትጨምረዋለህ? እምም የሚለውን ጫጫታ ነው የምትጨምረው።

ከደብረ ሲና፦ ለሠርግ ማን ይለየዋል? ለነገሩ ከበሮ እያለ ማሽን ምን ያደርጋል?

መልስ፦ የከበሮን ሰፊ ፊት የሚያህል ቤዝ የለም፣ እሱን አልክድም። ግን ዛሬ ስለ ማሽን ነው፤ ተዉን።

ከመሐል ሜዳ፦ ሮላንድ ቲአር 808 ከጃፓን ተላከልኝ። የኪኩን ቃና ማውረድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቃናውን የሚወስኑት ሁለት ካፓሲተሮች ናቸው። ሁለቱንም እጥፍ ብታደርጋቸው አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ማለትም ንዝረቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቆይ ግን፣ ሰክተኸዋል? ጀርባው ላይ 100 ቮልት ካለ የእኛ 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ያቃጥልሃል። ደግሜ እላለሁ፦ ንቀሉ!

ከሸዋ ሮቢት፦ አነበብኩ ጋሼ። ግን ቤዙን ምን ባደርግ ይጨምራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በምንድን ነው የምትሰማው?

ከሸዋ ሮቢት፦ ቀድቼ በስልኬ።

መልስ፦ በስልክ ስፒከር ዝሆን ቢረግጥም አይሰማህም። ማሽኑን እንዳትነካው።