ከውጭ በኩል መቅደም፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በኦስቲን (አሜሪካ) የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር ላይ ኖሪስ ቨርስታፐንን ኩርባ ላይ ከውጭ በኩል ሲቀድም ሁለቱም ከመንገዱ ወጡ፤ የተቀጣው ግን ኖሪስ ብቻ። እኛ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ክርክሩ አልበረደም። ፍርዱ ልክ ነበር?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ በውድድሩ ዳኞች መመሪያ መሠረት አዎ። ዳኞች በዋናነት የሚያዩት ኤፔክስ የሚባለው የኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ላይ መኪኖቹ እንዴት እንደነበሩ ነው። ኖሪስ እዚያ ሲደርስ ከቨርስታፐን እኩል አልነበረም፤ ስለዚህ ቦታ የመጠየቅ መብት አጣ። ከመንገድ ውጭ አልፎ ቦታውን ስላልመለሰ 5 ሰከንድ ተጨመረበት፤ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ወረደ። ቅጣቱ 10 ሰከንድ ያልሆነው ቨርስታፐን ስለተጠጋው ሌላ ብዙ አማራጭ ስላልነበረው ነው።

መመሪያው ግን ቀዳዳ ነበረው። ተከላካዩ (እንዳይቀደም የሚከላከለው) ፍሬን ዘግይቶ ከያዘ ኤፔክሱ ላይ መቅደሙ አይቀርም፤ ችግሩ ፍጥነቱ ስለሚተርፈው ኩርባውን ሳይጨርስ ሁለቱንም ይዞ መውጣቱ ነው። እኛ ብንጠየቅ ይህን መከላከል አንለውም። በሳምንቱ ሜክሲኮ ላይ ቨርስታፐን ራሱ ሁለት ጊዜ 10 ሰከንድ ተቀጣ።

በቀጥታው መንገድ ላይ ፍርዱ ይቀላል፦ ለመከላከል አቅጣጫ መቀየር የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። ወደ ኩርባው ሲጠጉ ለመከላከል ከለቀቀው ወደ ተለመደው የመንጃ መስመር የሚመለስ ደግሞ በእሱና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ቢያንስ የአንድ መኪና ስፋት ይተዋል።