ኦታኒ ቶሮንቶ ይገባል የተባለው ወሬ ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «የቤዝቦሉ ኮከብ ኦታኒ ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ሊፈርም ነው ሲባል ሰው እንዴት አመነ?» ላልከው፣ ድርድሩ በጥብቅ ምስጢር ስለተያዘ ደጋፊው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ይዞ ሮጠ። ዲሴምበር 8 ቀን 2023 አንድ የግል ጄት ከካሊፎርኒያ ወደ ቶሮንቶ ተነሳ። ሕዝቡ ስልኩ ላይ ያቺን አውሮፕላን ዓይኑን ሳይነቅል ተከታተላት። ጋዜጠኛ ሳይቀር «እየመጣ ነው» አለ። ስታርፍ የወረደው ግን ነጋዴው ሮበርት ኸርጃቬክ ነው! የቶሮንቶ ደጋፊዎች አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ኦታኒ ራሱ የሎስ አንጀለሱን ክለብ ዶጀርስን መምረጡን በኢንስታግራም ተናገረ። 10 ዓመት፣ 700 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ከ2034 ጀምሮ ነው። ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ፤ ክለቡ ሌሎች ጎበዞችንም እንዲያስፈርም በር ከፍቷል።